የሚስ ሳሮጃ ስለት ከኢገን እስከ ራሜስዋራም

ከሚኒሶታዋ ኢገን የተነሳነው በታኅሣሥ፣ በረዶው የመኪናውን በር አላስከፍት ባለበት ጠዋት ነው። ጓዛችን ሦስት ሻንጣ፣ አንድ ዊልቸርና በአንድ እጅ የምትጨበጥ የመዳብ ገንቦ ነበር። የገንቦዋ አፍ በቆርቆሮ ተበይዷል። የምንሄደው በደቡብ ህንድ ጫፍ ወዳለችው የራሜስዋራም ደሴት ሲሆን፣ የምንሄድበትም ምክንያት ከአርባ ዓመት በላይ ያደረ ስለት ለማድረስ ነው። ስለቱ የሚስ ሳሮጃ ነው፤ እኔ ተሸካሚ ነኝ።

ሚስ ሳሮጃ ከህንድ መጥተው ደሴ ውስጥ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር፤ ባላቸው ፊዚክስ። እናቴ ይመኙሻል ቤታቸው ትሠራ ስለነበር ከልጃቸው ከራጁ ጋር አንድ ግቢ ነው ያደግነው። ራጁ ኢገን ሥራ ይዞ እናቱን ሲያስመጣ፣ የመጡለትን ተንከባካቢዎች ሁሉ እሳቸው በሁለተኛው ቀን እያባረሩ አስቸገሩት። በመጨረሻ እዚያው ሚኒሶታ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ የምኖረውን እኔን አፈላልጎ አገኘኝ። እኔን አላባረሩኝም። እንደ ክፍል ተማሪ ይቆጡኛል እንጂ።

ባልና ሚስቱ ልጅ አልሰጥ ብሏቸው ሳለ፣ ሰሜን ህንድ ካሺ ድረስ ሄደው ከጋንጅስ ወንዝ ውሃ ቀዱ። ልጅ ከተሰጠን ይህን ውሃ ራሜስዋራም ቤተ መቅደስ እናደርሳለን ብለው ተሳሉ። ራጁ ደሴ ተወለደ። ዘንድሮ ለከርሞ ሲባል ግን ባላቸው አረፉ፣ ገንቦዋም ከደሴ እስከ ኢገን መደርደሪያ ላይ መብራት እየበራላት ቀረች።

አሁን የኔን ጉድ ልናገር። በገንቦዋ ውስጥ ያለው የጋንጅስ ውሃ አይደለም።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ክፉኛ አተኮሰኝ። ባልና ሚስቱ ለፈተና ሥራ ወጥተው የቤቱ ቁልፍ እናቴ ዘንድ ነበር። እነዚህ ሰዎች መብራት የሚያበሩላት ነገር ጠበላቸው መሆን አለበት ብላ የገንቦዋን አፍ ፈልቅቃ አጠጣችኝ። በማግስቱ ተነስቼ ሮጥኩ። እሷም ደንግጣ የገብርኤል ጠበል ቀዳችበትና ገበያ ወስዳ አስበየደቻት። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» አለችኝ። ቁልፍ የታመነች ሴት መሆኗ ኩራቷ ስለነበር እስክትሞት አልተነፈስኩም። በቅርቡ ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው፣ «ለባለቤቲቱ ንገሪና ተመለሺ» ብለው ሰደዱኝ። ለሚስ ሳሮጃ ሳልነግራቸው ይኸው ጉዞው ደረሰ። ዝም ብል ማንም አያውቅም፣ ውሃ ውሃ ነው። ሚስ ሳሮጃ ግን ያልደረሰ ስለት ደረሰ ብለው ሊሞቱ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያ

«ማም፣ ሊኩዊድ በሃንድ ባግ አያሳልፉም፤ ቼክ ኢን እናድርገው» አለ ሊሸኘን የመጣው ራጁ።

«አርባ ዓመት ከዓይኔ አልራቀችም!»

«ኖ ቾይስ፣ ማም።»

በሦስት ካልሲና በነጠላዬ ጠቅልዬ ሻንጣው መሐል ከተትኳት። ዶሃ ስናርፍ «ዘነቡ፣ ውሃው ደርሷል?» ቼናይ ስናርፍ «ዘነቡ፣ ውሃው ደርሷል?» ይሉኛል። ማዱራይ ሻንጣውን ከፍተው ገንቦዋን ጆሯቸው ላይ አስደግፈው ነቀነቋት። ተንቦጫቦጨች፤ ፈገግ አሉ።

ማዱራይ፣ ምሳ

ጾመ ነቢያት ስለነበር ምግቡ አሳስቦኝ ነበር። የገባንበት ቤት ግን ሥጋም እንቁላልም በደጁ አያልፍም። በሙዝ ቅጠል ላይ ሩዝ፣ ምስርና አራት ዓይነት አትክልት ለአንድ ሰው መቶ ሃያ ሩፒ ነው። አገሩ ሁሉ እየጾመልኝ መሰለኝና ሁለቴ አስጨምሬ በላሁ።

«ሩዙን ወደድሽው?» አሉኝ ሚስ ሳሮጃ።

«በጣም! ምን ቢያደርጉበት ነው?»

«ቅቤ።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ። ከዚያ በኋላ አሳላፊ በመጣ ቁጥር «ቅቤ የለበትም?» እያሉ በታሚልኛ የሚጠይቁልኝ እሳቸው ሆኑ።

በባሕሩ ላይ

ከማዱራይ ሰልቫም የሚባል ሾፌር ይዘን አራት ሰዓት ያህል ተጓዝን። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ዘንባባ፣ የጨው ማሳ፣ ፍየል። ደሴቲቱን ከየብሱ የሚያገናኘው ረጅም ድልድይ ላይ ስንወጣ ግን ግራና ቀኙ ባሕር ሆነ። ሰልቫም እንድናይ ብሎ ቀስ አለ።

ሚስ ሳሮጃ ትምህርት ጀመሩ። በጥንቱ ታሪካቸው አንድ ልዑል አሥራ አራት ዓመት ከአገሩ ተሰዶ ሳለ፣ የላንካ ንጉሥ ሚስቱን ጠለፈበት። ልዑሉ ጦሩን ይዞ ከዚህች ደሴት ጫፍ ባሕሩ ላይ የድንጋይ ድልድይ ሠራ፤ ተሻግሮም ንጉሡን ገድሎ ሚስቱን አስመለሰ። ሲመለስ የገደለው ሰው ደም ስለከበደው እዚህ ቆሞ ይቅርታ ለመነ። የሚጸልይበትንም የአምላክ ምልክት ሚስቱ ከአሸዋ ሠራችለት። ቤተ መቅደሱ የቆመው በዚያ ላይ ነው ይላሉ።

«ጥያቄ፣ ዘነቡ! ያሸነፈ ሰው ምን ብሎ ንስሐ ይገባል?»

በመስኮት ባሕር ባሕሩን አየሁ።

ሃያ ሁለቱ ጉድጓዶች

በማግስቱ ጠዋት ሚስ ሳሮጃ መጀመሪያ ባሕር ገቡ። ሰልቫምና እኔ በሁለት ክንዳቸው ይዘን እስከ ቁርጭምጭሚት አስነከርናቸው። ቀጥሎ በቤተ መቅደሱ ግቢ ያሉት ሃያ ሁለት የውሃ ጉድጓዶች ናቸው፤ ትኬቱ ሃያ አምስት ሩፒ። ጫማ በደጅ ይወልቃል። ጉድጓዱ አፍ ላይ የቆሙ ሰዎች በባልዲ እየሳቡ በተሰለፈው ሕዝብ ራስ ላይ ያፈሳሉ፤ ሕፃን ይጮኻል፣ አሮጊት ትንቀጠቀጣለች፣ ሁሉም በስብሶ ይስቃል። የገብርኤል ጠበል ሰልፍ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። እናቴ አልተሳሳተችም ነበር ማለት ነው፣ ጠበላቸው ነው።

ደረቅ ልብስ አልብሻቸው፣ ማለቂያ በሌለው የዓምዶች መተላለፊያ ዊልቸራቸውን ገፋሁ። መጨረሻው ላይ የሌላ ሃይማኖት ሰው ከዚህ እንዳያልፍ የሚል ሰሌዳ አለ። ከዚያ ወዲያ ካህን ተቀብሏቸው ሊገፋ፣ ገንቦዋን ሊከፍት ነው። እጃቸውን ዘረጉ።

«ስጪኝ።»

አልሰጠኋቸውም። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ትኩሳቱን፣ ቁልፉን፣ በያጁን።

ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ።

«አርባ ዓመት ሙሉ መብራት ሳበራ የኖርኩት ለደሴ ጠበል ነው?»

«አዎ፣ ሚስ።»

«ባለቤቴ ሲሞት እሷን አቅፌ ነው ያለቀስኩት።»

እንደ ልጅነቴ አለቀስኩ። ሰልቫምን ጠርተው በታሚልኛ የሆነ ነገር አዘዙት። ደጅ ካለ ሱቅ በሃምሳ ሩፒ አንድ ብልቃጥ የጋንጅስ ውሃ ይዞ መጣ። ለካ እዚያው ይሸጣል! ሚስ ሳሮጃ ብልቃጧን አገላብጠው ካዩ በኋላ ወደኔ ዞሩ።

«የእናትሽ የክርስትና ስም ማን ነበር?»

ለአምላካቸው ሊከሷት መሰለኝ። «ወለተ ኪዳን» አልኩ፣ እየፈራሁ።

ገንቦዋን ለኔ ትተው ብልቃጧን እንደያዙ ካህኑ ገፍቶ አስገባቸው። ከሰሌዳው ወዲህ ቆሜ ደወል ሰማሁ። ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ለኔ ግን ከሚኒሶታ ከመጣንበት ይረዝማል። ሲወጡ ግንባራቸው ላይ አመድ ተቀብቷል።

«ካህኑ የማንን ስም ልጥራ አለኝ። የባለቤቴን ነገርኩት። ቀጥሎ ወለተ ኪዳን በል አልኩት። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት፤ አልያዝለት ብሎ አስቸገረ።»

እጃቸውን ሳምኩ። «ተነሺ፣ ወለሉ እርጥብ ነው» ብለው ተቆጡኝ። ይቅር እንዳሉኝ ያወቅሁት በቁጣው ነው።

ዳኑሽኮዲ

ከሰዓት በኋላ ድልድዩ ተሠራበት ወደሚባለው የምድሩ ጫፍ ሄድን። መንገዱ በአሸዋ ምላስ ላይ ይዘረጋል። ዳኑሽኮዲ የምትባለውን ከተማ ድሮ ማዕበል ጠራርጓት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳና የባቡር ጣቢያ ፍርስራሽ ቀርቷል። አንዲት ሴት ከፍርስራሹ ሥር የተጠበሰ ዓሣ ትሸጣለች። ከጫፉ ወዲያ እስከ ላንካ ድረስ እዚህም እዚያም የአሸዋ ጉብታ ከውሃው ብቅ ይላል፤ የልዑሉ ድልድይ ቅሪት ነው ይላሉ። ሚስ ሳሮጃ ዊልቸራቸውን ወደ ባሕሩ አስዙረው ገንቦዋን ጭናቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ። እዚያ የሚያፈሷት መስሎኝ ነበር።

«አላፈስሳትም» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው። «ይሄ የኔ ስለት አይደለም።»

ኢገን

ራጁ በረዶውን ጠርጎ ጠበቀን። ሻንጣ ስንፈታ ገንቦዋን ሲያይ ክው አለ።

«ማም፣ አላደረስሽም እንዴ? አፍተር ኦል ዚስ?»

«የኔን አድርሻለሁ። ይቺ የይመኙሻል ናት» አሉና ወደ ቦታዋ መለሷት። መብራቱንም አበሩላት።

የንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ መንገሬን ነገርኳቸው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ብዙ አይደለም። እናቴ ስለ ውሃው ትክክል ነበረች፤ ዝም በዪ ያለችኝ ላይ ግን ተሳስታለች። ሚስ ሳሮጃን አርባ ዓመት ሙሉ በከንቱ ፈራናቸው።

በዚያው ሳምንት ሚስ ሳሮጃ ጉልበታቸውን እያሻሹ ጠሩኝ።

«ዘነቡ፣ የገብርኤል ጠበል ለጉልበት ይሆናል?»

«ለሁሉም ይሆናል። ግን በባዶ ሆድ ነው፣ ሚስ።»

«ቁርስ በልቻለሁ!»

«እንግዲያው ነገ።»

በማግስቱ ስደርስ ሻያቸውን እንኳ ሳይጠጡ፣ ሳሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ የራጁን ጉጠት ከገንቦዋ ጎን አስቀምጠው ሲጠብቁኝ አገኘሁ።

«አረፈድሽ» አሉኝ። «ክፈቻት።»