የአባቴ በቅሎና የጣሊያን እሽቅድምድም

ባለፈው እሁድ ደብረ ብርሃን ውስጥ የጎዳና ሩጫ አለ ብለው ድምፅ ማጉያቸውን ደጄ ድረስ አምጥተው ሲያስጮሁብኝ አረፈዱ፤ ባለ ቁጥር ካናቴራ የለበሰው ሕዝብ ግማሹ እየሮጠ፣ ግማሹ ፎቶ እየተነሣ ሲያልፍ፣ ሰሞኑን የተጠገነው አስፋልት የሬንጅ ሽታ ግቢዬን ሞላው። የልጅ ልጄ ከፊት ያለውን ቀጭን ልጅ እያሳየች «እሱ አሯሯጭ ነው እምዬ፤ ሌሎቹን ያስከትልና መሀል ላይ ይወጣል» አለችኝ። ለእኔ ማስረዳቷ አሳቀኝ። እኔ አሯሯጭ ያየሁት ጣሊያን ይህን መንገድ በሬንጅ ባነጠፈበት ዘመን ነው፤ ያውም አሯሯጩ ሰው ሳይሆን የአባቴ በቅሎ ነበረች።

አባቴ ማይጨው ቀርቷል። የተወልን አንዲት ሰጋር በቅሎ ነበረች፤ እናቴ በርኖስና የሱፍ ባና እየጫነችባት አልዩ አምባ ገበያ ትወርዳለች፣ በርበሬና ጨው ይዛ ትመለሳለች፣ እኛም በዚያ እንኖራለን። የከተማው ካፒቴን ግን «ለመንግሥት ትፈለጋለች» ብሎ ነዳት። ይህ ካፒቴን የደብረ ብርሃን ውርጭ አፍንጫውን የላጠው፣ ከሸማኔዎቻችን የነጠቀውን በርኖስ ሁለት ደርቦ እንኳ መንቀጥቀጡን ያልተወ ሰውዬ ነበር፤ አገር ገዛሁ የሚለው እንግዲህ ይህ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። የበዓላቸው ቀን ሲደርስ በአዲሱ መንገድ ላይ የሩጫ ውድድር አለ፣ ለአንደኛው በቅሎ ይሸለማል ተብሎ ተለፈፈ። የእኛው በቅሎ! በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ይሏል ይሄ ነው።

እናቴ በቅሎዋ ካልተመለሰች እኔን መዘዞ አገር ያለችው አክስቴ ዘንድ ልትልከኝ ቆርጣለች፤ በእግሯ ቆላ እየወረደችና እየወጣች ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት ልትተው አትችልም። እኔ ደግሞ ከእናቴ ጉያ ከምወጣ ብሞት ይሻለኝ ነበር።

ተስፋችን ደምሴ ነው። ደምሴ የአባቴ አሽከር ነበር፤ ዕድሜውን ከዚያችው በቅሎ ጎን እየሮጠ ደብረ ብርሃንና አንኮበር ሲመላለስ የኖረ፣ ሲሮጥ ትንፋሹ የማይሰማ ሰው። በዚያ ዘመን ደንብ አሽከር የጌታውን በቅሎ አይቀድምም፣ ከእሷም ወደ ኋላ አይቀርም፤ እጁን ከኮርቻው ኋላ ጣል አድርጎ ስትሰግር አብሯት ሶምሶማ ይላል፣ ስትታጠፍ ይታጠፋል። ከበቅሎ ፊት የወጣ አሽከር ጌታውን እንደናቀ ይቆጠራል።

ካፒቴኑ ሯጮቹ ከመነሻው ተፈትልከው እንዳይደክሙ ብሎ በቅሎዋን ከፊት አሰለፋት። ላይዋ ላይ ያወጣውም ግራዝማች ይነሱን ነው። ግራዝማች የምለው ራሱ ስለሚለው ነው እንጂ፣ አባቴ ፊት ሲያጎነብስ የኖረ፣ ማዕረጉን ከጣሊያን እጅ የለቀመ ባንዳ ጎረቤታችን ነበር። ከበሬሳ ወንዝ ተነሥቶ የአንኮበር መንገድ መገንጠያ ድረስ ይመራና እሱ ወደ አንኮበር ይታጠፋል፤ ሯጮቹ በአዲሱ መንገድ በቀጥታ እስከ ካምፑ በር ይሽቀዳደማሉ።

ጠዋት እናቴ «ደምሴ፣ መገንጠያው ላይ ተዋት፤ አንተ በቀጥታ ሂድ። ሰምተሃል?» አለችው።

«ሰምቻለሁ እሜቴ። ከነልጓሟ አመጣታለሁ።»

መገንጠያው ላይ ቆመን ጠበቅን። ይነሱ እንደ እህል ጆንያ ኮርቻው ላይ ተቆልሎ ብቅ አለ፤ ደምሴ እጁን ከኮርቻው ኋላ ጣል አድርጎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ከጎኑ ይሮጣል፤ የቀሩት ከኋላ ያለከልካሉ። እናቴ ገና ሳያልቅ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ይነሱ ልጓሙን ሳበ፣ በቅሎዋ ወደ አንኮበር ታጠፈች። ደምሴም አብሯት ታጠፈ።

«ደምሴ! ኧረ ደምሴ!»

አልሰማም። ከመታጠፊያው ወዲያ ያሉትን ባሕር ዛፎች አልፎ ነው የባነነው። ቀና ብሎ ኮርቻው ላይ ያለውን ሰው አየና ቆመ፤ ከዚያ ዞሮ እንደ እብድ እየሮጠ ተመለሰ፣ ከአንድ ሰው በቀር ሁሉንም ቀደመ። ያ አንድ ሰው የይነሱ አሽከር ነበር፤ አሽከር የተሸለመው ደግሞ የጌታው ነውና በቅሎዋ ይነሱ ግቢ ታሰረች። ካፒቴኑ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ አስተርጓሚውም «ጌታችን ከሰውዬውና ከበቅሎዋ በቅሎዋ ብልህ ናት ይላሉ» አለ። የእኛም ሰዎች አብረው ሳቁ፤ እነሱን እስከ ዛሬ ከካፒቴኑ አብልጬ እንቃቸዋለሁ። ካፒቴኑስ ያለ ደሞዝ ሰው ተከትሎት አያውቅ፣ በምን ይግባው?

ደምሴ ቤት ገብቶ ከበሩ ጀርባ ፊቱን ሸፍኖ ተቀመጠ። እናቴ ውኃ አሙቃ፣ ገበቴ ይዛ እግሩ ሥር ተንበረከከች።

«ኧረ እሜቴ፣ ነውር ነው!»

«ዝም በል። ባሌን ተከትለህ ነው የሄድከው» አለችና እግሩን አጠበችው።

በሳምንቱ ደምሴ መዘዞ አደረሰኝ። እናቴ ጭነቱን በጀርባዋ አዝላ ወደ አልዩ አምባ ስትወርድ ስትወጣ፣ ሲመሽባትም እዚያው ቆላ ስታድር ንዳድ ያዛት። ካፒቴኑ ካርታውን ጠቅልሎ አገሩ ገባ፤ ይነሱም ጣሊያን በወጣ ማግሥት ሰንደቅ ተሸክሞ ከሰልፉ ፊት ታየ፣ ማፈር የት ያውቅና። ሰው ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ስለ መድፉና ስለ መርዝ ጭሱ ያወራል። ከእኔ እናቴን የወሰደብኝ ግን የአንድ ጠዋት ጨዋታቸው ነው፤ ወደ መዘዞ ስሄድ ደህና ሁኚ እንዳልኳት፣ ከዚያ በኋላ አላየኋትም።