እንግዳው ጠግቧል ወይስ አልጠገበም?

ሌላ ሰው ቀድሞ ከሚነግራችሁ ሞኝነቴን እኔው ልናገር። አጥብቄ የፈለግኩትን ነገር፣ ሳምንት ሙሉ ዝናብ እየወረደብኝ ስሮጥለት ከርሜ፣ መጨረሻ ላይ "ትፈልገዋለህ?" ሲሉኝ "ኧረ ግድ የለም" ያልኩ ሰው ነኝ። ማንም አልከለከለኝም። ራሴን የከለከልኩት እኔው ነኝ፤ ያውም በትህትና።

ያስታወሰኝ ያለፈው እሁድ ነው። ከቸርች በኋላ ሳውዝ ሲ ሰፈር አንድ ወዳጃችን ቤት ምሳ ተጋብዘን ነበር። እዚሁ ናይሮቢ የተወለደችው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ሳህኗን ጨረሰች። የቤቱ እመቤት ጭልፋ ይዛ መጣችና "ልጨምርልሽ የኔ ቆንጆ?" አለቻት። ልጄ ቀና ብላ "የስ ፕሊስ፣ ከዶሮው" አለች። ጭልፋው አየር ላይ ቀረ። ሴትየዋ ቢያንስ ሁለት "በሞቴ" አፏ ላይ አዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ የምታደርግበት ቦታ ጠፋት። እኔ በሀፍረት መሬት መሬት አየሁ። ልብ በሉ፣ እኔ ራሴ "ጠግቤያለሁ" ብዬ ባዶ ሳህን ይዤ የልጄን ዶሮ በዓይኔ እየሸኘሁ ነበር።

ነገሩ የሆነው ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ ነው። ናይሮቢ ዳር ካሳራኒ ሰፈር ከታላቅ እህቴ ጋር እኖራለሁ። እታለም ነው የምላት። እሷ ኪሌሌሽዋ ሰፈር አንድ የሐበሻ ሬስቶራንት ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ እኔ ደግሞ ክዳኑ በፕላስተር የተያዘ ላፕቶፕ ታቅፌ ፕሮግራም መጻፍ እየተማርኩ ነው እያልኩ ቤት እውላለሁ። መማሬ እውነት ነው። ችግሩ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። አንድ አርብ እታለም ከሥራ ስትመለስ ታጥቦ የተጣጠፈ ሽርጥ አልጋዬ ላይ አስቀመጠችና "ከሰኞ ሳምንት ጀምሮ አስተናጋጅ ይፈልጋሉ፣ ተናግሬልሃለሁ። እሺ?" አለችኝ። "እሺ" አልኳት። ሽርጡን ግን ሳልሞክረው ወንበር ጀርባ ላይ ሰቀልኩት።

በማግስቱ ቅዳሜ ጌም ጃም የሚባል ነገር ላይ ተመዝግቤ ነበር። ለማያውቅ፣ ጌም ጃም ማለት ሰዎች ተሰብስበው በሁለት ቀን ውስጥ የኮምፒውተር ጨዋታ ሠርተው የሚያቀርቡበት ግርግር ነው። ርዕሱን የሚነግሩን ያን ቅዳሜ ነው፤ ሳምንት ሙሉ እናቅዳለን፣ የፈለገም ቤቱ ይሞክራል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜና እሁድ እንሠራለን። እኔን የሳበኝ ግን ጨዋታው አይደለም። ከተሳታፊዎቹ መሃል ሁለት ሰው ለስድስት ወር ሥልጠና ይወስዳሉ፤ ሥልጠናው የሚጀምረው ሰኞ ነው። ያው የሽርጡ ሰኞ። ወይ ያኛው ወይ ይኼኛው።

ቦታው ከተማ መሃል አንድ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አዘጋጇ ንጄሪ የምትባል፣ ስትናገር እጇን በኪሷ የምታደርግ ረጋ ያለች ሴት ናት። ርዕሱን ነጩ ሰሌዳ ላይ ጻፈችው፤ "እንግዳ"። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ወዲያው ከሌላ ዓለም የሚመጣ ፍጡር መሳል ጀመረ። ንጄሪ አንድ ምክር ሰጠችን፤ "ብቻውን የሚሠራ ሰው ትንሽ ያቅድ። ከዚያ ያቀደውን ለሁለት ይክፈለውና ግማሹን ይጣለው።"

እኔ ብቻዬን የመሥራት ሐሳብ አልነበረኝም። መሳል አልችልም። አጠገቤ ኬቨን የሚባል ልጅ ተቀምጧል፤ እርሳስ ሲይዝ ወረቀቱ ራሱ የሚታዘዝለት። "የሚስልልህ ሰው አለህ? እኔ ልሥራልህ?" አለኝ። ልቤ ዘለለ። አፌ ግን "ኧረ አትቸገር፣ እችላለሁ" አለ። "ሳዋ" ብሎ፣ በስዋሂሊ እሺ ማለት ነው፣ ተነስቶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ።

እኔ እኮ እየጠበቅኩት ነበር! ይመለሳል፣ "የምን መቸገር ነው፣ ተው እንጂ" ይለኛል፣ እኔም ትንሽ ተግደርድሬ እሺ እላለሁ ብዬ። ሰውየው ሻይና እንደ ቦንቦሊኖ ያለ ማንዳዚ ይዞ ከአዲሱ ጓደኛው ጋር ተመቻችቶ ተቀመጠ።

ወደ ካሳራኒ ስመለስ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴን አጥፌ፣ ዝናቡ መስኮቱን እየደበደበው፣ የጨዋታው ሐሳብ የመጣልኝ ከዚሁ ንዴት ነው። እንግዳ ማዕድ ላይ ይቀመጣል። "ልጨምር?" ይባላል። "በቃኝ" ይላል። ተጫዋቹ ሁለት ቁልፍ አለው፣ ጨምር እና አንሳ። እንግዳው ሳይጠግብ ካነሳህበት ተርቦ ይሄዳል፣ ስምህ ይጠፋል። ጠግቦ ሳለ ከጨመርክበት ደግሞ ይታመማል። በቃ ይኸው ነው። አንድ ትሪ፣ አንድ እንግዳ። ቀላል ነው አይደል? ያን ምሽት ብቀመጥና ብጀምረው ኖሮ እስከ ሰኞ ያልቅ ነበር።

እኔ ግን "መጀመሪያ ላጥናው" አልኩ። ጥናት የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው፤ መነጽር አድርጎ ደብተር ይዞ ሲመጣ ሰው "ጎበዝ" ይለዋል እንጂ። ላፕቶፑን መክፈት ፈራሁ፤ ስለዚህ ደብተር ገዛሁ።

ማክሰኞ ጭቃውን እየዘለልኩ፣ ሁለት ማታቱ ቀያይሬ ሳውዝ ሲ እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። እትዬ አስካለ የቸርቻችን ሰው ናቸው፤ ከእሳቸው ቤት ሳይበላ የወጣ ሰው የለም፣ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ እንኳ። ቋንጣ ፍርፍር አቀረቡልኝ። በቀኝ እጄ እየበላሁ በግራ እጄ መጻፍ ጀመርኩ።

"በቃኝ እትዬ።"

"በሞቴ!"

ጻፍኩ።

"ኧረ የምሬን ነው፣ ጠግቤያለሁ።"

"አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!"

ይቺንም ጻፍኩ።

"አንተ ልጅ፣ ምንድነው የምትሞነጫጭረው? የስደተኞች ቢሮ ነው የላከህ?"

ነገርኳቸው። እንግዳው እምቢ ይላል፣ ተጫዋቹ እውነቱን ነው ወይስ ይሉኝታ ይዞት ነው የሚለውን መለየት አለበት፣ አልኳቸው። ሰሙኝና "ታዲያ ይሄ ምኑ ጨዋታ ነው? ይሄ ኑሮ ነው እንጂ!" አሉ።

"እርስዎ ግን እንዴት ነው የሚለዩት?"

"አፉን ማን ያምናል? እጁን ነው የማየው። የጠገበ ሰው እጁን ወደ ራሱ ይሰበስባል። ያልጠገበው በአፉ በቃኝ እያለ ጣቶቹ ትሪው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። የራስህን እያቸው እስቲ።"

አየኋቸው። ሦስት ጣቶቼ ጠርዙ ላይ ተሰልፈዋል። እትዬ አስካለ ከት ብለው ስቀው ጨመሩልኝ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ ጨዋታው በእጄ ገብቷል። አላቆምኩም። ረቡዕ ሌላ ቤት፣ ሐሙስ ጧት ሌላ ቤት። ጎረቤት ስንት ጊዜ ይለመናል፣ አማች ስንት ጊዜ፣ አከራይስ። ፓስተራችን አንዴም እምቢ ሳይሉ ስለበሉ ገጻቸው ባዶ ቀረ። ሐሙስ ከሰዓት ሆዴ ሲነፋ እታለም ሎሚ በጨው ሰጠችኝና ደብተሩን አገላበጠችው።

"አሥራ ሁለት እንግዳ? ሠርግ ልትደግስ ነው እንዴ?"

"እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ ይኖረዋል።"

"እና ስንቱን ሠራህ?"

ሎሚውን መምጠጥ ቀጠልኩ። አንድም መስመር አልጻፍኩም። ሽርጡ ወንበር ጀርባ ላይ ተሰቅሎ ያየኛል፤ ወዲያ ብዞር ያየኛል፣ ወዲህ ብዞር ያየኛል። አርብ ቀን ካሳራኒ መብራት ጠፋና እፎይ አልኩ፤ ሰበብ አገኘሁ። እንዲህ ያለ ፈሪ ነበርኩ።

ቅዳሜ አራተኛው ፎቅ ላይ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀምጬ አሥራ አንዱን እንግዳ ሰረዝኩና አንዱን ይዤ ጀመርኩ። እውነት ለመናገር ሥራው አልከበደኝም። ቁልፎቹ ሠሩ፣ ትሪው ሠራ፣ እንግዳው "ኖ ታንክ ዩ" አለ። እጁ ነው እምቢ ያለኝ። የጨዋታው ምሥጢር ያለው እጁ ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ እጅ መሳል አልችልም። ሳልኩት፤ ዝንጅብል ሆነ። አጠፋሁና እንደገና ሳልኩት፤ ትልቅ ዝንጅብል ሆነ።

ኬቨን ሦስት ጠረጴዛ እልፍ ብሎ ጓንት የመሰለ የሚያምር እጅ ላንድ የጨረቃ ፍጡር ይስላል። ሄጄ "ያን ቀን ያልከኝን አሁን እፈልገዋለሁ" ማለት ብቻ ነው። ተነሳሁ። አጠገቡ ስደርስ እግሬ ወደ ሽንት ቤት ወሰደኝ። ተመለስኩ። ደግሜ ተነሳሁ፣ ደግሞ ሽንት ቤት። በሦስተኛው ኬቨን ራሱ ቀና ብሎ አየኝ።

"ሆድህን አሞሃል እንዴ?"

"ትንሽ" አልኩት።

እሁድ ከሰዓት አንዳችን የሌላውን ጨዋታ እየሞከርን ሳለ ኬቨን እኔ ጋ መጣ። እንግዳዬ "ኖ ታንክ ዩ" ሲል፣ ኬቨን ዓይኑን ሳያሽ አንሳ የሚለውን ተጫነ። "እንግዳው ተርቦ ሄደ፣ ስምህ ጠፋ" የሚል ጽሑፍ ወጣ።

"እምቢ አለ እኮ!" አለ ኬቨን።

"አዎ፣ ግን የምሩን አይደለም።"

"ታዲያ ለምን እምቢ አለ?"

"ጨዋ ስለሆነ ነዋ።"

"ይዋሻል ማለት ነው?"

"አይዋሽም! እጁን እየው፣ እጁ ይናገራል።"

"የቱ ነው እጁ?"

"ይሄ።"

"እኔ ዝንጅብል መስሎኝ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ስድስት ሰው ሞከረው፤ ስድስቱም በመጀመሪያው "ኖ" ትሪውን አነሱ። እንግዳዬ ስድስት ጊዜ ተርቦ ሄደ። ሕጉን ሳልነግራቸው ጨዋታ የሠራሁት፣ ሕግ መሆኑን ስለማላውቅ ነው። ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚኖር ነበር የሚመስለኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ንጄሪ መጣች። አንዴ ተጫወተች፣ እሷም ተሸነፈች። ከዚያ ደብተሬን አነሳችው፤ ማስታወሻዬን በእንግሊዝኛ ገልብጬው ነበር። ቆማ ማንበብ ጀመረች። የእትዬ አስካለ ገጽ ላይ ሳቀች። ብዙ ቆየች።

"ይሄን ሁሉ ቤት ሄደህ ጠይቀህ ነው?"

"አዎ።"

"ጨዋታውን ማንም አልገባውም። እንዲህ የሚያይ ሰው ግን እንፈልጋለን። ሥልጠናው ላይ አንድ ቦታ ቀርቷል። ትፈልገዋለህ?"

ሽርጡ፣ ካሳራኒ፣ ጭቃው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ፊቴ ላይ መጣ። አፌን ከፈትኩ። "ኧረ ግድ የለም" አለ አፌ፣ "ከእኔ የተሻለ ሰው አይጠፋም።"

ንጄሪ ትንሽ አየችኝ። "ኦኬ። ሳዋ" አለችና ደብተሩን በቀስታ አስቀምጣ ሄደች።

ቆሜ ጠበቅኳት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከኬቨን በኋላ፣ ከስድስቱ ሰው በኋላ፣ እኔ አሁንም ቆሜ እጠብቃለሁ! አንድ ጠረጴዛ አለፈች፤ አሁን ትዞራለች። ሁለተኛውን አለፈች፤ አሁን። ሦስተኛው ላይ ቆመችና ያን የጨረቃ ፍጡር ጨዋታ የሠራውን የኬቨንን ጓደኛ አንድ ነገር አለችው። ልጁ ሁለት እጁን ሽቅብ ወርውሮ "የስ!" ብሎ ጮኸ።

ሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ወደ ኪሌሌሽዋ ከመሄዴ በፊት፣ አራተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ጠበቅኳት። ስትመጣ ሰላምታም አላስቀደምኩ። "እፈልገዋለሁ" አልኳት።

"ትናንት ግድ የለም አልከኝ።"

"እኛ ጋ የመጀመሪያው እምቢ አይቆጠርም።"

ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷ ከበደ። "ለልጁ ሰጥቼዋለሁ፣ አሁን ልነጥቀው አልችልም። ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ፣ ቴስ። እኔ አንዴ ነው የምጠይቀው።"

አራት ሰዓት ላይ ሽርጡን አሰርኩ። እታለም "እንዴት ሆነ?" ስትለኝ "ቦታ አልነበረም" አልኳት። መቼም አይካድም፣ ጥሩ አስተናጋጅ ወጣኝ፤ እጅ ማየት ተምሬያለሁና። ፕሮግራም ወደ መጻፍ የተመለስኩት ሁለት ዓመት ያህል ቆይቼ፣ በጎን በኩል ነው፤ ዛሬ ለሱቆች እየሠራሁ እኖርበታለሁ። እንግዳው ግን እዚያ በሞተው ላፕቶፕ ውስጥ ተርቦ እንደተቀመጠ ነው።

እስከ ዛሬ ሳስበው ንጄሪን አልቀየምም፤ ኬቨንንም። እነሱ የነገርኳቸውን አመኑኝ፤ ሰውን ማክበር ማለት አንዳንዴ ይሄው ነው። እኔ ነኝ ሰው ሁሉ ጣቴን እያየ እንዲኖር የፈለግኩት።

ባለፈው እሁድ ከምሳው ስንመለስ ሞምባሳ ሮድ ተዘጋግቶ፣ መኪናው አልንቀሳቀስ ብሎ፣ ልጄ ከኋላ ተኝታ፣ ይሄን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አብራን ተጋብዛ አጠገቤ ለተቀመጠችው ለእታለም አወጣሁላት። ቦታ እንደነበረ፣ እምቢ ያልኩት እኔው እንደሆንኩ፣ ሽርጡን ያን ሳምንት ምን ያህል እንደፈራሁት። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ፊት ለፊት ያለውን የጭነት መኪና ታያለች።

"ተስፍሽ" አለችኝ በመጨረሻ፣ "እኔ እኮ ያኔ ሽርጡን ሳመጣልህ እሺ ስላልከኝ ደስ ያለህ መስሎኝ ነው። አልፈልግም ብትለኝ ኖሮ፣ ሁለተኛ አልጠይቅህም ነበር።"