ሳንወርድ የቀረንበት ጸበል

አባቴ ዕድሜያቸውን ሁሉ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ሲኖሩ ግሽ ዓባይን ረግጠው አያውቁም ነበር። ከሸዋና ከጎንደር ድረስ ሰው የሚመጣበትን ጸበል እሳቸው «እዚሁ ነው፣ የት ይሄድብናል» እያሉ አረጁ። ስኳር ታመው ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ ከመጡ በኋላ ግን ሐሳቡ ያዛቸው። እኔ እዚያ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ነው ያመጣኋቸው። አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ይቀመጡና «ያንን ጸበል ሳልቀምስ ብሞት ምን ይሉኛል» ይላሉ። ማን እንደሚላቸው አልጠየቅኋቸውም።

በጥቅምት፣ መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ተነሣን። የጸበሉን ሕግ አባቴ ያውቁታል፤ እህል የቀመሰ ሰው ወደ ምንጩ አይወርድም። ስለዚህ ምንም ሳንቀምስ ወጣን። ክኒናቸውን ግን ከልማድ የተነሣ ገና ጎሕ ሲቀድ ውጠውት ኖሯል።

ቡሬ መናኸሪያ የቲሊሊ ሚኒባስ እስኪሞላ ቆመን ስንጠብቅ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ግንባራቸው በላብ ወረዛ። ሐኪሙ፣ ክኒኑ በባዶ ሆድ ስኳራቸውን አውርዶት እንዲህ ሲሆኑ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ነግሮኝ ስለነበር ካጠገባችን ካለው ሻይ ቤት ስኳር የበዛበት ሻይና ዳቦ አመጣሁ።

«አልቀምስም» አሉ።

«አባ፣ እዚህ ከወደቁ ጸበሉም አይገኝ፣ ቤትም አይገባ።»

ዳቦውን ትንሽ አዩት። «እንግዲያስ ብቻዬን አልቀምስም። አንቺም ቅመሽ።»

ቀመስኩ። ገጠር ያደገ ሰው ሌላው ቁጭ ብሎ እያየው ብቻውን መብላት አይሆንለትም፤ ልከራከራቸውም አልፈለግሁም። ላቡ ሲደርቅላቸው «እንመለስ?» አልኳቸው።

«ደጁን መሳለምም እኮ አንድ ነገር ነው» አሉና ወደ ሚኒባሱ ገቡ።

ከቡሬ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ነው። የኑጉ አበባ ቆላ ቆላውን ቢጫ አልብሶት ነበር፤ ከፍ እያልን ስንሄድ እሱ ቀረና ገብስና ድንች ተተካ። በየመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ቆሟል። ቲሊሊ ላይ መኪና ቀየርን። ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር፤ ሾፌሩ ቀስ እያለ ነዳ። አባቴ በመስኮት እያዩ «ይህ መሬት ላም ያውቃል፤ ሣሩን አየሽው?» አሉ።

ጸበሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለ ረግረጋማ መስክ ውስጥ ነው። ጉሙ ሲነሣ የግሽ ተራራ ከኋላችን ብቅ አለ፤ ከፊታችን ያለው መስክ ደግሞ ጠል እንደያዘ ያበራል። ምንጩ ያለበት ቦታ ከአፋፉ ላይ ሆኖ ሲታይ ሰዎች ተሰብስበው የቆሙበት ትንሽ አጥር ነው፤ ከሥሩ አንድ ልጅ ሊዘለው የሚችል ቀጭን ውሃ ይወጣል። ይህን ያህል ትንሽ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

«ዓባይ ይኼ ነው?» አልኩ።

«ማንም ሲወለድ ትንሽ ነው» አሉ አባቴ።

መውረጃው ላይ አንድ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ተሳለምን። «ቀምሳችኋል?» ብለው ጠየቁ። አባቴ «ቀምሰናል አባታችን፤ ስኳሩ አስገድዶን» አሉ። ቄሱ አዘኑላቸው፤ ሕጉን ግን አልለወጡም። «ከዚህ አይታለፍም። ዕቃችሁን ለሚወርድ ሰው ስጡትና ይቅዳላችሁ። ነገ በባዶ ሆድዎ ይጠጡታል።»

ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ጄሪካናችንን አጠገባችን አስቀምጬ የሚወርድ ሰው እጠብቅ ነበር፤ ሰዓቱ ረፍዶ ስለነበር ግን የሚወጣው ይበዛል። ከሚወጡት መካከል አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በምርኩዝ እየተደገፉ ሲመጡ አየሁ። ራሳቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ሲቀርቡ የአባቴ ታላቅ ወንድም መሆናቸውን አወቅሁ።

እሳቸውና አባቴ ከተኳረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። መሬታቸው ኩታ ገጠም ነው። አጎቴ በወሰኑ ላይ ባህር ዛፍ ተከሉ፤ ዛፉ ሲያድግ በአባቴ ጓሮ የነበረችው ትንሽ ምንጭ ደረቀች። አባቴ «ዛፉ ጠጣት» አሉ፤ አጎቴ «ዝናቡ ነው ያነሰው» አሉ። ሽማግሌ ተቀምጦ አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገናኙ ጀርባ ለጀርባ ነበር የሚቀመጡት።

ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ጉንጬን ስመው ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ከተማው ጠየቁኝ። አባቴ ተራራውን ያያሉ።

«ምነው አልወረዳችሁም?»

«ቡሬ ላይ ስኳሩ ወርዶባቸው ዳቦ ቀመስን።»

አጎቴ ወደ ወንድማቸው ሳይዞሩ «አሁንስ እንዴት ነው? ጠይቂው» አሉኝ።

አባቴ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበሩ። «ደህና ነኝ በይው» አሉ።

«ደህና ናቸው» አልኩ።

አጎቴ ጎንበስ ብለው ጄሪካኑን አነሡና ቁልቁል ሄዱ። እኔ «ኧረ ሌላ ሰው ይቀዳል፣ ይተዉት» ብል አልሰሙም፤ ወይም ሰምተው እንዳልሰማ ሆኑ። መንገዱ ያዳልጣል። አባቴ አሁን ተራራውን ትተው ወንድማቸውን ያዩ ጀመር።

«ይኼ ሰውዬ ይወድቃል» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ድሮም አይሰማ» አሉ።

አጎቴ አልወደቁም። ሲመለሱ ግን አንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ አንድ እጃቸው የሞላ ጄሪካን ይዞ ስለነበር ደጋግመው ማረፍ ነበረባቸው። ልሄድ ስል ቄሱ በእጃቸው ከለከሉኝ። አባቴ ተነሡ። እስከ ተፈቀደው ድንበር ሄደው ቆሙ፤ አጎቴ አጠገባቸው ሲደርሱ እጃቸውን ዘርግተው ጄሪካኑን ተቀበሉ። ለቅጽበት ሁለቱም እጀታውን ይዘውት ነበር። ከዚያ አጎቴ ለቀቁ።

ሦስታችንም ሣሩ ላይ ተቀመጥን። እኔ መካከል ነኝ።

«ያደረቀኝ ሰው ውሃ ቀዳልኝ በይው» አሉ አባቴ።

ቃሉን እንዳለ ማድረስ ከበደኝ። አጎቴ ግን ሰምተው ነበር። ትንፋሻቸው እስኪሰበሰብ ቆዩና «ዛፉም እንደ እኔ አርጅቷል፤ እንደ ድሮው አይጠጣም በይው» አሉ። አባቴ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እየሳቁ እንደሆነ ያወቅሁት ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው፤ መጀመሪያ ስኳሩ ዳግም የወረደባቸው መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

ወደ ቡሬ የተመለስነው በአንድ መኪና ነው። ሌላ መኪና ስላልነበረ እንጂ ማንም አብረን እንሂድ አላለም። አጎቴ ጄሪካኑን በእግራቸው መካከል አስቀምጠው እንዳይወድቅ ያዙት። ከመናኸሪያው ሲለዩን «የደብራችን ንግሥ ኅዳር ላይ ነው፤ ይምጣ በይው» አሉኝ። አባቴ «እግሬ ከታዘዘልኝ በይው» አሉ። ተለያየን።

በማግስቱ አባቴ ጸበሉን በባዶ ሆዳቸው ጠጡ። ስኳራቸው አልዳነም፤ ክኒናቸውን ዛሬም ይውጣሉ። ስለዚያ ቀን ለጎረቤት ሲያወሩ የሚያነሡት ጉሙንና የገብሱን ማማር ነው፤ ወንድማቸውን አያነሡም። እኔም አላነሣሁባቸውም።

ኅዳር ሲገባ ግን በንግሡ ዕለት ማለዳ ነጭ ኩታቸውን ለብሰው አገኘኋቸው። አብሬያቸው ሄድኩ። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን ወደ አጎቴ ቤት አመራን። ደጃፉ ላይ አባቴ ቆሙ፤ ጫማቸውን ከጭቃ ለማጽዳት ነው የቆሙት ቢሉም ጭቃ አልነበረም። አጎቴ ከውስጥ አዩአቸው።

«ምን ትገተራለህ፣ ግባ እንጂ» አሉ።

ገቡ። መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጠላ ቀረበ። ስለ ወሰኑ ማንም ያነሣ አልነበረም፤ ዛፉም ቆሞ ነበር፣ ከመደቡ ሆኖ በበሩ በኩል ይታያል። አጎቴ ስለ ዘንድሮ ጤፍ ጀመሩ፤ ከጤፉ ወደ በሬ፣ ከዛሬ በሬ ወደ ድሮ በሬ ሄዱ። አባታቸው ያርሱበት የነበረው ቀኝ በሬ አመድማ፣ ዳለቻ ነበር አሉ። አባቴ የለም፣ ቦቃ ነው አሉ።

«እኔ ነኝ ያጠመድኩት፤ ዳለቻ ነው!»

«አንተ ከብት መቼ ታውቃለህ? ቦቃ ነው! ግንባሩ ላይ ነጭ አለው!»

ድምፃቸው ከፍ ሲል የአጎቴ ሚስት ከጓዳ ወጥተው ተጣሉ እንዴ ብለው አዩኝ። ምንም አይደለም አልኳቸው። በሬው ከሞተ እኔ የኖርኩትን ዕድሜ የሚያህል ጊዜ አልፎታል። የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠን «አባ፣ እንሂድ» አልኳቸው። እስክንሄድ ድረስ አልተስማሙም።