አሥራ ሰባተኛው ዘበኛ

ይህ ነገር ስልሳ ኩንታል በቆሎ፣ ዘጠኝ ኩንታል ባቄላ፣ ሦስት የአዲስ አበባ ደርሶ መልስና አንዲት ደህና በቅሎ አስከፍሎኛል። የእህሉ ዋጋ ብቻ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ብር ነው። መንገዱ፣ ያደርኩበት አልቤርጎና ማመልከቻ የጻፈልኝ ራፖር ጸሐፊ ተደምረው ሃምሳ ስምንት ብር በልተውኛል። በቅሎዋን ከኪሳራው አልደምራትም፤ የእህል ዕዳዬን ልከፍል ሸጥኳት እንጂ አልተቀማሁም። ከዚያ ወዲያ ግን ጉደር ገበያ በእግሬ ነው የምወርደው።

ያን ጊዜ ከተማችን በደብዳቤ ላይ ሀገረ ሕይወት፣ በአፋችን አምቦ ነበረች። እኔም በደብዳቤ ላይ «አቅራቢ»፣ በሰው አፍ እህል ነጋዴ ነበርኩ። ትምህርቴ የገበያ ነው። ፊደል የለየሁት ጆንያ ላይ ከተጻፈው ነው፤ ሒሳብ ያስተማሩኝም ያታለሉኝ ሰዎች ናቸው፤ በደንብ አስተምረውኛል። አንድ ዓመት የወህኒ ቤቱን ቀለብ ለማቅረብ ጨረታ ወጣ፤ ገባሁ፤ አሸነፍኩ። ጨረታ ማሸነፍ ማለት ከሁሉ ያነሰ ዋጋ መጥራት ማለት ነው። ሌሎቹ ነጋዴዎች ለምን ከፍ አድርገው ጠርተው፣ ተሸንፈው፣ እየሳቁ እንደሄዱ የገባኝ ቆይቶ ነው።

እስረኛው መቶ ያህል ነበር። እህሉን እኔ አቀርባለሁ፣ እነሱ ፈጭተው ይጋግራሉ፣ ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ዳቦና የባቄላ ወጥ ይደርሳል። መንግሥት በየሦስት ወሩ ይከፍለኛል ተባለ። የመጀመሪያው ሦስት ወር አለቀ፤ «ከግምጃ ቤት አልመጣም» ተባልኩ።

ወህኒ ቤቱ በወረቀት ሃያ አራት ዘበኞች ነበሩት። በእግራቸው የሚሄዱት ዘጠኝ ናቸው። ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ አንዱ ቡና ለቀማ ጅማ ይወርዳል፣ ሌላው ግንደበረት ያለች የአባቱን መሬት ሊያርስ ይገባል፣ አንዳንዱም ይሞታል። የሄደ ሰው ስም ግን ከመዝገብ አይሄድም። አዛዡ የሄዱትን ሰዎች ደመወዝ ይቀበልና በእሱ ማገዶ ይገዛል፣ የእስር ቤቱን ጣሪያ ያስጠግናል። ምን ያህሉ ለእስር ቤቱ ጣሪያ፣ ምን ያህሉ ለራሱ ቤት ጣሪያ እንደዋለ እግዜር ይወቅ። ሁለቱም ግን በክረምት አያፈሱም ነበር።

ዘበኛ ስላልነበረ ጥበቃውን የሚመራው ካቦው ነበር። ካቦ የእስረኞች አለቃ ነው፤ እሱም እስረኛ ነው። የእኛው ካቦ በመሬት ድንበር ጠብ የገባ፣ ከእንጭኒ ወዲያ የመጣ ሽማግሌ ነበር። ሃያ እስረኛ ድንጋይ ሊፈልጥ ሲወጣ አንድ ዘበኛ ይከተላል። ጠዋት ዘበኛው እስረኞቹን ያወጣቸዋል፤ ማታ እስረኞቹ ዘበኛውን ይመልሱታል። ጠላ ቤት ከገባ ጠብመንጃውን የሚይዝለት ካቦው ነው። ከተማው ይህን ሁሉ ያያል፤ ማንም አይደንቀውም።

አንድ ቀን አዛዡ ራሱ ሱቄ ድረስ መጣ። ባለሥልጣን ሱቅ ከመጣ ወይ ዱቤ ወይ መዓት ይዞ ነው።

«ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው» አለኝ። «ዘበኛ ይቆጥራል።»

«ይቁጠራ ጌታው፤ ዘጠኝ ለመቁጠር ብዙ አይደክሙም።»

አልሳቀም። «ዘጠኝ ካገኘ የቀሩትን ደመወዝ የት አደረስከው ይለኛል። ሒሳቡ ይታገዳል። ሒሳቡ ከታገደ ያንተም ገንዘብ አብሮ ታገደ ማለት ነው። ዘበኛው ሙሉ ሆኖ ካገኘው ግን ለቀለብ የጠየቅሁትን ተጨማሪ ገንዘብ ይደግፍልኛል። እሱ በመጣ ማግስት ላንተ እከፍላለሁ።»

«ታዲያ ከእኔ ምን ይፈለጋል?»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «ቁመት አለህ» አለኝ።

እንግዲህ ያን ቀን ሰላሳ ዓመት የነገድኩ ሰው የገዛ ገንዘቤን ላስለቅቅ ብዬ ዘበኛ ሆንኩ። ብቻዬን አልነበርኩም። ልብስ ሰፊው፣ ሥጋ ሻጩ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ከወህኒ ቤቱ የምንጠብቀው ነገር ያለን ሰዎች ነን፤ አሥራ አምስት ሆንን። ካኪው ከሣጥን ወጣ። የእኔ ሱሪ ቁርጭምጭሚቴ ሳይደርስ ቀረ፤ የሥጋ ሻጩ ኮት ደግሞ አልቆለፍ ብሎ ልብስ ሰፊው እዚያው ቆመን ከጀርባው ተረተረለት። ጫማ ለሁሉ አልበቃም። የፊተኛው ረድፍ ጫማ አደረገ፤ የኋለኛው ረድፍ ሣሩ ረዘም ያለበት ቦታ እንዲቆም ተደረገ።

እስረኞቹ ከጎናችን ተሰልፈው ያዩናል። ሁሉም ያውቁናል። ካቦው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ በኦሮምኛ የአክብሮት ስም «ኦቦ» አለኝ፤ «ዛሬ ሱቁን ማን ይጠብቃል?»

«ዝም በል፤ አስርሃለሁ» አልኩት።

«አባቴ፣ እባክህ አትሰረኝ» አለና ከኋላው ያሉት ሁሉ መሬት መሬት እያዩ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ጨዋታው የተበላሸው በስም ጥሪ ነው።

አዛዡ ለእያንዳንዳችን ከመዝገቡ አንድ አንድ ስም አድሎን ነበር። ለእኔ የደረሰኝ የአሥራ ሰባተኛው ዘበኛ ስም ነው። አሥራ ሰባተኛው ዘበኛ ያለፈው ክረምት በወባ ሞቷል። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ አፈር መልሼበታለሁ፤ ሚስቱ ዛሬም ከእኔ ሱቅ ጨው ትወስዳለች። በእኛ አገር ደግሞ የሞተ ሰው ስም ሲጠራ አቤት አይባልም። ልጅ ሆነን እናቴ ሟች በስሙ ሲነሳ በመዳፏ አፋችንን ትይዝ ነበር፤ አቤት ያለ ተራውን ወሰደ ትላለች። እኔ ብዙ ነገር አላምንም። ይህን ግን ለመፈተን ምክንያት አልነበረኝም።

ተቆጣጣሪው ቀጠን ያለ፣ መነጽር ያደረገ፣ ሁለት ብዕር ደረት ኪሱ ላይ የሰካ ጨዋ ሰው ነበር። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ቸኩሎ ይሄዳል። እሱ ግን አንድ በአንድ ጠራ። አሥራ ስድስት አለ፤ ልብስ ሰፊው «አቤት!» አለ። አሥራ ሰባት ብሎ የሟቹን ስም ከነአባቱ ጠራ።

ዝም አልኩ።

ደግሞ ጠራ። አዛዡ ሳለ። ልብስ ሰፊው በክርኑ ጎሸመኝ።

«ይህ ሰው የለም?» አለ ተቆጣጣሪው።

«አለሁ ጌታዬ» አልኩ። «ስሙ ተሳስቶ ነው የተጻፈው።» ስምህ ማነው ሲለኝ የራሴን ከነአባቴ ከነአያቴ ተናገርኩ። ባለሥልጣን ፊት ለፊት ቆሞ ስምህ ማነው ሲል ሌላ ስም ከአፌ አይወጣም፤ አልወጣም። ተቆጣጣሪው የሟቹን ስም በቀጭን መስመር ሰረዘና የእኔን ከላዩ ጻፈ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስሜን እንደዚያ አሳምሮ የጻፈ የመንግሥት ሰው አላየሁም።

አፌን ስለከፈትኩ እኔኑ ጠየቀኝ። «የእስረኞቹ ምግብ እንዴት ነው? ይበቃቸዋል?»

ለካ ሰው በአንድ ትንፋሽ ብዙ ያሰላል። አይበቃም ብል ለምን ይላል፤ አዛዡ አቅራቢው አሳንሶ ነው ይላል፤ አቅራቢው እኔ ነኝ። ይበቃል ብል ቤቱ ደህና ነው ይባላል፤ ገንዘቡ ይለቀቃል።

«ሞልቷል ጌታዬ» አልኩ። «እንዲያውም ይተርፋል።»

ሞልቷል በበቃ ነበር። ይተርፋልን ማን ጨምር አለኝ? የነጋዴ ምላስ ምርቃት ካላከለበት አይዘጋም። ተቆጣጣሪው ይህንንም ጻፈ። እስረኞቹን ምንም አልጠየቀም። ዘበኛ እያለ እስረኛ አይጠየቅም።

በማግስቱ ክፍያ አልመጣም። በሳምንቱም፣ በወሩም። በሁለተኛው ወር ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ፤ አዛዡ አስጠርቶ አነበበልኝ። የጥበቃው ባልደረባ ቁጥር ሙሉ ሆኖ ተገኝቷል። ቀለብ ለእስረኞቹ በቂ ከመሆኑም በላይ የሚተርፍ መሆኑን አንድ የጥበቃ ባልደረባ በቃሉ አስረድቷል። ስለዚህ ለቀለብ የተጠየቀው ተጨማሪ ገንዘብ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።

አዛዡ መነጽሩን አወለቀ። «ይተርፋል ያለው ማነው?» አለኝ፤ አጠገቤ ቆሞ እንዳልነበር።

በዚያው ሳምንት ሁለቱ ዳቦ አንድ ሆነ። የእኔም ጎተራ ባዶ ሊሆን ተቃርቦ ነበር፤ እህሉን በዱቤ የሰጡኝ ገበሬዎች ከእንጭኒ እየመጡ ደጄ ላይ ይቀመጣሉ። ካቦው አራት እስረኛ አስከትሎ የመጨረሻውን ባቄላ ሊወስድ መጣ። ዘበኛ አልነበረም፤ ራሱ ነው ያመጣቸው።

«ኦቦ» አለኝ፤ ዛሬ አልቀለደም። «ዘመዱ ቅርብ የሆነ ከቤቱ ይመጣለታል። ከሩቅ የመጣው ምን ይብላ?»

«አልከፈሉኝም እኮ። እኔም ባለዕዳ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ሰምቼሃለሁ። እኛን አልጠየቁንም። የተጻፈው ያንተ ቃል ነው። ሄደህ ቃልህን አንሣ።»

አነሣለሁ ብዬ አዲስ አበባ ሄድኩ። ለእነሱ ብዬ ብቻ ነው ብል ዋሸሁ፤ ለገንዘቤም ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ማመልከቻው በደንብ አልተጻፈም ተብዬ ተመለስኩ። ሁለተኛውን ጊዜ ባለጉዳዩ ሹም ለቅሶ ሄዷል ተባልኩ። በሦስተኛው አንድ ጸሐፊ አስገባኝ፤ ከእኔ ልጅ የማይበልጥ ነው፤ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋ።

«በዚህኛው አንተ ለወህኒ ቤቱ እህል ሸጠሃል» አለ። «በዚህኛው አንተ የወህኒ ቤቱ ዘበኛ ነህ። የመንግሥት ሠራተኛ ለገዛ መሥሪያ ቤቱ አይሸጥም። ውሉ ፈራሽ ነው።»

«ዘበኛ አይደለሁም። የተናገርኩትም ትክክል አይደለም። ምግቡ አይበቃም፤ ዘበኞቹም ዘጠኝ ናቸው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ዘበኛ ካልሆንክ ቃልህ ዋጋ የለውም። በተቆጣጣሪው ፊት የደንብ ልብስ ለብሰህ አልቆምክም?»

«ቆሜያለሁ።»

«እንግዲያው መንግሥትን አታልለሃል። ትታሰራለህ።»

«የት?»

«እዚያው አውራጃህ ነዋ።»

አሰብኩት። የዚያን ወህኒ ቤት ጎተራ ከእኔ በላይ የሚያውቀው አልነበረም። በቀን አንድ ዳቦ፣ እሱም ከደረሰ። ልጁ ብዕሩን አንስቶ ይጠብቀኛል። ካቦው ያለኝም ትዝ አለኝ፤ ትዝ ማለቱ ግን እግሬን አላቆመውም።

«ዘበኛ ነኝ» አልኩ።

«በቃ፤ እንዲህ በል» አለና ሁለቱንም ወረቀት አንድ ፋይል ውስጥ ከተተ።

አምቦ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ አዛዡ ዘንድ ደርሶ ነበር። እንደ ዘመድ አቀፈኝ። «ብልህ ነህ» አለ። «አሁን የሥራ ስንብት ጠይቅና ተገላገል።»

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። «አንተ ሰው» አለች፤ «ያልገባህበትን ሥራ እንዴት ነው የምትለቀው?»

«በማመልከቻ» አልኳት።

በማመልከቻ ለቀቅሁ። በሕመም ምክንያት ብዬ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በታማኝነት ማገልገሌን ጠቅሼ። ስንብቱ በሁለት ሳምንት ተፈቀደ፤ ከመንግሥት ጋር በነበረኝ ጉዳይ ሁሉ እንደዚያ የፈጠነ የለም። የመጨረሻ ወር ደመወዝ ሃያ አምስት ብር ታሰበልኝ። የቀደሙትን ወራት የአሥራ ሰባተኛውን ዘበኛ ደመወዝ ማን ሲቀበል እንደነበር አልጠየቅሁም፤ አዛዡም አላነሣውም። የደንብ ልብሱን ግን በቆጠራው ዕለት ከእጄ ወደ እጁ ነው የመለስኩት፤ ደረሰኝ አልያዝኩም። ለአንድ ጆንያ ደረሰኝ የምጠይቅ ሰው! ልብሱ አልተመለሰም ተብሎ ሃያ ሁለት ብር ተቆረጠ። ሦስት ብር ቆጥረው ሰጡኝ፤ ፈረምኩ።

ከቢሮው ስወጣ ካቦው ከእስረኞቹ ጋር በር ላይ ድንጋይ ሲያራግፍ አየሁት። ከስቷል። ቆሜ ነገርኩት፤ ሁሉንም፤ ዘበኛ ነኝ ማለቴንም ጭምር። እስክጨርስ ሰማኝ። አልተሳደበም። «ማል ጎና» አለ፤ ምን እናድርግ ማለቱ ነው፤ አለና ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በመንገድ ስንተላለፍ ኦቦ ብሎኝ አያውቅም።

ዳቦው እስከሚቀጥለው ጨረታ አንድ ሆኖ ቆየ።

ወጪ፣ አንድ ሺህ አሥራ ስምንት ብር። ገቢ፣ ሦስት ብር። ኪሳራ፣ አንድ ሺህ አሥራ አምስት ብር።