የእትዬ ቃጭል

ዋርሳሜ ጆንያውን በረንዳው ላይ ዘርግቶ ዕቃውን አንድ በአንድ ከግድግዳው ሥር ደረደረ። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው የሚያዝያ ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶታል።

«መረብ፣ አሥራ አራት» ሲል ጮክ ብሎ ጠራ። መልሱንም ራሱ ሰጠ። «አለ።»

ከዚያ ቀጠለ። «ችካል፣ አሥራ አራት። አለ። አካፋ። አለ። ፌሮ ብረት። አለ። የቆዳ ጓንት፣ የግራው ብቻ። አለ።»

ባለቤቱ ኻድራ ከኋላው ሆና ከማን ጋር እንደሚያወራ ሁለት ጊዜ ጠየቀችው። መልስ ስታጣ ዞራ ከፊቱ ቆመችና ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀችው።

«ከመላኩ ጋር ነው» አላት። «አንቺ ደግሞ ምነው እንደ ዘንድሮ ሰው ማንሾካሾክ ለመድሽ?»

«እኔ? ጎረቤት ሰምቶኛል!» አለችና እጇን አወናጭፋ ገባች።

ዕቃውን መጥራት የመላኩ ሥራ ነበር። ሁለቱ ጅጅጋ ውስጥ በአንድ የእህል መጋዘን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ መላኩ ንብረት ክፍል፣ ዋርሳሜ በር ጥበቃ። ፈረቃ በተለወጠ ቁጥር ርክክብ ነበረ። መላኩ መዝገቡን ይዞ ይጠራል፤ ዋርሳሜ ዕቃውን በእጁ ነክቶ «አለ» ይላል። ሳይነካ «አለ» ካለ እንደገና ከመጀመሪያው ይጠራል። ጡረታ ከወጡም በኋላ ለአደን ሲሰናዱ ይህንኑ አልተዉም። መላኩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ይዞ ይጠራ ነበር።

አደኑ የመጣው በእትዬ ነው። በ2006 ዓመተ ምህረት መጋዘኑ ውስጥ የተቆለለ ጆንያ ሲነሳ፣ ዓይኗን በቅጡ ያልገለጠች የሙጭልጭላ ግልገል ብቻዋን ተገኘች። መላኩ በጨርቅ ወተት እያጠባ አሳደጋት። ስትጠነክር በጆንያዎቹ መካከል እየዞረች እያንዳንዷን ስንጥቅ ማሽተት ጀመረች። «ይቺ ዘመድ ቤት መጥታ ድስት እየከፈተች የምታይ እትዬ ናት» አለ መላኩ፤ ስሟ በዚያው ጸና።

ከጅጅጋ ወደ ቀብሪበያህ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በቆሎና ማሽላ የሚዘሩ ገበሬዎች አንድ የታወቀ ጠላት አላቸው፤ ሶማሌዎቹ ዳባጋሌ የሚሏት የመሬት ሽኮኮ። ጉድጓዷን እርሻው ዳር ትቆፍርና ዘሩ መሬት በገባ በሳምንቱ ፍሬውን እየለቀመች ታወጣዋለች። ሁለቱ ጡረተኞች እትዬን ይዘው በባጃጅ ይሄዳሉ። የጉድጓዱን አፎች በሙሉ ፈልገው፣ በእያንዳንዱ ላይ መላኩ ከሲባጎ የጎነጎነውን መረብ ዘርግተው ገመዱን በችካል ያስሩታል። አንዱን አፍ ብቻ ክፍት ትተው በዚያ እትዬን ይለቋታል። ውስጥ ስትገባ ሽኮኮዎቹ ነፍሴ አውጪኝ ብለው በየአፉ ሲፈተለኩ መረቡ ይጠቀልላቸዋል።

ችግሩ እትዬ አንዳንዴ ውስጥ ገድላ፣ በልታ፣ እዚያው መተኛቷ ነው። ለዚህ ሲባል አንገቷ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቃጭል ታስራለች። መላኩ በሆዱ ተኝቶ ጆሮውን መሬት ላይ ይለጥፍና በጣቱ ያመለክታል፤ ዋርሳሜ እዚያ ላይ ፌሮውን ሰክቶ ባዶውን ይፈልጋል፤ ከዚያ በአካፋ ይከፍታል።

«መንግሥት ወንበር ላይ ሲያስተኛህ ኖረ፤ አሁን ደግሞ እኔ እየቆፈርኩ እርሻ ላይ ትተኛለህ» ይለው ነበር ዋርሳሜ።

«ወርያ፣ ጡረተኛ ነኝ እኮ» ይላል መላኩ ጆሮውን ሳያነሳ። «መተኛት በደብዳቤ ተፈቅዶልኛል።»

መጀመሪያ ላይ ተራ በተራ ነበር የሚያዳምጡት። ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በፊት ግን መላኩ ወገቤን አመመኝ አለና አካፋውን ለዋርሳሜ ጨርሶ ተወለት። ዋርሳሜም ስንፍና ነው ብሎ ተቀበለው።

አንድ ጊዜ ውሻ ያባረራት ጥንቸል ጉድጓድ ገብታ ከሽኮኮዎቹ ጋር መረብ ውስጥ ወደቀች። ዋርሳሜ ቢስሚላህ ብሎ አረዳትና ግማሹን ለመላኩ ዘረጋለት።

«ኧረ አንሳልኝ!» አለ መላኩ ወደ ኋላ እያፈገፈገ። «ብታመሰኳም ሰኮናዋ አልተሰነጠቀም።»

«እኔ መቼ ሰኮናዋን ብላ አልኩህ?»

በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማዋ በታወከችበት ሳምንት መላኩ ባለቤቱን ወለተሐናን እና በሣጥን ያለችውን እትዬን ይዞ ዋርሳሜ ቤት ሦስት ቀን ሰነበተ። ዋርሳሜ ያንን አካፋ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በሩ ላይ ተቀመጠ። በመንገዱ ያለፉት ጎረምሶች አዩት፤ ማንም አልገባም። በኋላ ወለተሐና ዘመዶቿ ወዳሉበት ድሬዳዋ እንሂድ ብላ ነበር። መላኩ አያቱም አባቱም የተቀበሩበትን ከተማ ትቶ እንደማይሄድ ነገራት፤ ቀሩ።

በ2014 ጥር መላኩ ሞተ። ኩላሊቱ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ዋርሳሜ ሆስፒታል በየቀኑ እየሄደ እጁን ይዞ ይቀመጥ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ መላኩ አፉ ላይ የኦክስጅን መሸፈኛ እንዳለ ብዙ ተናገረ። ድምፁ ወርዷል፤ ከንፈሩ አይታይም። ዋርሳሜ የደከመን ሰው ማስደገም ነውር መሰለውና ራሱን እየነቀነቀ «እሺ» አለው። መላኩ የጠየቀ ይመስል እጁን ጨበጥ አደረገው። «እሺ፣ መላኩ፣ እሺ» አለ ዋርሳሜ ደግሞ። መላኩ ዓይኑን ጨፈነ። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ከዚያ ወዲህ መረቦቹ ተሰቅለው ዓመት አለፋቸው። ዘንድሮ ማሃሙድ የሚባል ወጣት ገበሬ ቤቱ ድረስ መጣ። በቆሎውን ሁለት ጊዜ ዘርቶ ሁለቱንም ጊዜ ዳባጋሌ እንደለቀመችው፣ ለሦስተኛ የሚሆን ዘር እንደሌለው ነገረው። ዋርሳሜ እሺ አለ። እውነቱን ለመናገር ከማሃሙድ በቆሎ ይልቅ ያችን ጥሪ፣ ያንን መረብ መዘርጋት ናፍቆ ነበር።

ጆንያውን ተሸክሞ በመጀመሪያ ወደ ወለተሐና ቤት ሄደ። እትዬ ያለችው እሷ ዘንድ ነው። አርጅታለች፤ አፏ ዙሪያ ሸብታለች። መላኩ ለብሶት ይውል በነበረው ካኪ ኮት ላይ ነው የምትተኛው፤ ወለተሐና ኮቱን እስካሁን አላጠበችውም።

ወለተሐና እትዬን ከነኮቱ አንስታ ሣጥኑ ውስጥ አስገባቻት። ክዳኑን ለመዝጋት ጎንበስ እንዳለች አንድ ነገር ጠየቀችው። ዋርሳሜ አናቷን ብቻ ነበር የሚያየው።

«አዎ፣ አዎ» አላት።

ቀና ስትል ፊቷ ተረጋግቶ ነበር። «እንግዲህ ከእሷ ሌላ ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለኝም፣ ዋርሳሜ። ከመምሸቱ በፊት መልሳት።»

«በእኔ ይሁንብሽ። በእጅሽ አስረክብሻለሁ።»

እርሻው ላይ ሲደርስ ሦስት ሰዓት ነበር። ማሃሙድ ጉድጓዶቹን አሳይቶት፣ ውኃ ያፈረሰውን ቦይ ሊጠግን ወደ እርሻው ሌላኛው ጫፍ ሄደ። ዋርሳሜ አሥራ ሁለት አፍ ቆጠረ፤ አሥራ አንዱን በመረብ ሸፈነ። ቃጭሏን እትዬ አንገት ላይ አስሮ በመጨረሻው አፍ ለቀቃት።

ሥራው አምሮለት ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዘጠኝ ሽኮኮ ያዘ። «አየህ መላኩ፣ አንተ ብትተኛም ባትተኛም ሥራው አይቀርም» አለ ወደ ማንም ሳያይ። ከዚያ መረቦቹ ጸጥ አሉ። ዋርሳሜ እትዬን ጠበቀ፤ አልወጣችም። በላስቲክ የተጠቀለለውን የፍየል ጉበት አውጥቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጠ፤ አልወጣችም። ስለዚህ መላኩ እንደሚያደርገው በሆዱ ተኛና ጆሮውን መሬት ላይ አደረገ።

ምንም የለም። ተንቀሳቀሰና ሌላ ቦታ አደመጠ። ግራ ጆሮውን በቀኙ ለወጠ። እትዬ እንቅልፍ ወስዷት ይሆናል፤ ስትነቃ ትንቀሳቀሳለች፣ ቃጭሏም ይጮኻል ብሎ ጠበቀ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ሶላቱን እዚያው ሰገደና ተመልሶ ተኛ። ዝናብ የጠገበው መሬት እየሞቀ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ መጠበቁን ተወና በግምት ቆፈረ። አንድ ቦታ ከፈተ፤ ባዶ ነው። ሁለተኛ ከፈተ። በሦስተኛው አካፋውን ሲረግጥ ከጎኑ ያለው እርጥብ አፈር ክንድ በሚያህል ስፋት ወደ ውስጥ ሰመጠ። ዋርሳሜ ደነገጠና አካፋውን ጥሎ በእጁ ይምስ ጀመር።

ማሃሙድ በአሥር ሰዓት ሲመጣ ሽማግሌውን እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ አገኘው።

«አዴር፣ ምን ሆነሃል?» አለው፤ በሶማሊኛ አጎቴ ማለቱ ነው።

«ጠፋችብኝ። ቃጭሏ አይጮኽም።»

ማሃሙድ ግራ በመጋባት አየው። ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰና ቆሞ አደመጠ። መተኛት አላስፈለገውም።

«እየጮኸ ነው እኮ፣ አዴር። እዚህ፣ ከእግርህ ሥር።» አፈሩ የሰመጠበትን ቦታ አሳየው። «ወደዚህ ስቀርብ ጀምሮ እሰማው ነበር። አንተ እየሰማህ የምትቆፍር መስሎኝ...»

ዋርሳሜ የወጣቱን ከንፈር አየ። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አፈሩ ላይ አስቀመጠ። የገዛ ደሙ በጆሮው ውስጥ ሲመታ ብቻ ተሰማው። ቀና አለና «ቆፍር» አለ።

አካፋ ስለሚያሰጋ ሁለቱም በእጃቸው ጫሩ። ዋርሳሜ እየጫረ ዓይኑን ከማሃሙድ ፊት አላነሳም፤ የቃጭሉን ድምፅ ከዚያ ላይ ነበር የሚከታተለው። ፊቱ ሲጠነክር ቃጭሉ አለ ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ የማሃሙድ እጅ ዘገየ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፤ ደግሞ አዳመጠ፤ ከዚያ ወደ ዋርሳሜ ማየት ተወ።

ሲያገኟት ገላዋ ገና ትኩስ ነው፤ ግን አትተነፍስም። ዋርሳሜ ከአፍንጫዋ አፈሩን ጠረገ፤ ደረቷን በሁለት ጣቱ አሸ። ከዚያ በጀሪካን በያዘው ውኃ አጠባትና በመላኩ ኮት ጠቀለላት።

ዕቃውን ሲሰበስብ ጥሪውን አልጠራም። ማሃሙድ ከኋላ ከኋላው እየሄደ መረቦቹን ሰበሰበለት፤ አሥራ አራቱም አሉ።

ወለተሐና በሩን ስትከፍት ሣጥኑን አየች፤ ፊቱንም አየች። ኮቱን ተቀብላ ሶፋው ላይ አስቀመጠችና ገለጥ አድርጋ ተመለከተች። አላለቀሰችም። የእትዬን ጆሮ በጣቷ ካጸዳች በኋላ ዞረች።

«ማን ነበር የሚያዳምጥልህ?» አለችው። «ማንን ይዘህ ሄድክ?»

«ማንንም። ብቻዬን ነኝ።»

«ጠዋት ጠይቄህ አዎ ብለኸኛል እኮ! ጆሮ የሚሆንህ ሰው ይዘሃል ወይ ብዬህ አዎ፣ አዎ አልክ።»

ዋርሳሜን ጎንበስ ያለ አናቷ ትዝ አለው።

«መላኩም ነግሮሃል» አለች። ድምፅዋ ከፍ ማለቱን ከአንገቷ ደም ሥር መወጠር አወቀ። «ሆስፒታል፣ እኔ አጠገባችሁ ቆሜ። ዋርሳሜ፣ ጆሮህ ከሄደ ቆይቷል፤ እንዳይከፋህ ብዬ ወገቤን አመመኝ አልኩህ፤ እኔ ከሌለሁ ብቻህን እንዳትወጣ፤ እትዬን ትቀብራታለህ አለህ። አንተም እሺ አልከው። ሁለት ጊዜ። በዚያ ተማምኖ ነው የተኛው።»

ዋርሳሜ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ቃጭሏን ከኪሱ አወጣና መዳፉ ላይ አድርጎ አነቃነቃት። ውስጧ ያለችው ፍሬ ግራና ቀኝ ስትመታ ያያል። ወለተሐና ቃጭሉን ስትሰማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አንድ ነገርም የምትናገር መሰለው።

እሺ ሊላት አፉን ከፈተ፤ ግን መልሶ ዘጋው።

«አልሰማሁሽም» አላት። «ያን ቀንም አልሰማሁትም። ብዙ ነበር ያወራው።» ቃጭሏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሌላስ ምን አለኝ?»

ወለተሐና ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ሌላኛውን ወንበር ስባ ከፊቱ፣ የመስኮቱ ብርሃን ከንፈሯ ላይ በሚያርፍበት በኩል ተቀመጠችና፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ ትነግረው ጀመር።