በባርኔጣ የተገባ ኮሌጅ

ኮሌጅ እንዴት እንደገባሁ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ጎበዝ ስለነበርኩ ነው። «በባርኔጣ ነው የገባሁት» ስለው ይስቃል፤ ትሕትና ይመስለዋል። ትሕትና አይደለም። ያየሁትን ነው የምናገረው፤ ማስረዳቱም ሰልችቶኛል።

ነገሩ የሆነው ቡታጅራ ነው፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ኮሌጅ ከትምህርት ቤታችን አንድ ተማሪ ብቻ እንዲላክለት ጠየቀ። አንደኛ የወጣነው ግን ሁለት ነበርን፤ እኔና ጓደኛዬ፣ የጎረቤት ከተማዋ የእንሴኖ በርበሬ ነጋዴ ልጅ። ውጤታችን እኩል ነው። ዲሬክተራችን የጎጃም ሰው ነበሩ፤ አንዳችንን መርጠው ከሌላው ቤተሰብ ጋር መቀያየም ስላልፈለጉ ነገሩን ለአገር ሽማግሌ ሰጡት።

ስህተቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። የኛ አገር ሽማግሌ ዕድሜውን የጨረሰው የድንበር ጠብና የውርስ ክርክር ሲዳኝ ነው፤ ማንም ባዶ እጁን ወደ ቤቱ እንዲመለስ አይፈቅድም። እስከ ቀትር ሲመካከሩ ቆይተው አንጋፋው ፍርዱን ተናገሩ።

«አንዱ ዘንድሮ ይማር። ለከርሞ እሱ ይውጣና ሌላው ይግባ። እንዲህ እየተቀያየሩ ይጨርሱት።»

«አባቴ፣ ኮሌጅ እኮ የግጦሽ ሜዳ አይደለም!» አሉ ዲሬክተሩ።

«አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው አላሉም እንዴ? አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጥበታላ!»

ዲሬክተሩ ክርክሩ ሲታክታቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ስማችንን በሁለት ቁራጭ ወረቀት ጽፈው ከተቱበት። አንጋፋው ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው የኔን አወጡ። ዲሬክተሩ ዕጣው የሚሄደውን ለየ ብለው እፎይ አሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ቀድሞ የሚሄደውን ለየ ብለው፣ መርቀውን ተበተኑ።

በሳምንቱ ከተማው ዕጣውን ረስቶታል። ጎረቤታችን ገና በዳዴ ስሄድ መጽሐፍ ስገልጥ ማየታቸውን ያወሩ ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ ግንባሬን እየዳሰሰ «እኔ እኮ ድሮም ብያለሁ፤ ይህ የምሁር ግንባር ነው» ይላል። የጓደኛዬንም ፀጉር የሚያስተካክለው እሱ ነበር፤ ስለዚያኛው ግንባር ምንም አላለም።

በዓመቱ ጓደኛዬ ፍራሹን ጠቅልሎ ተሸክሞ ኮሌጁ በር ላይ ቆመ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ምሁሩ! በል ውጣ፣ ጠግበሃል። ተራዬ ነው።»

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደም። ተራ የሚባል ነገር እንደሌለ ብነግረው ተቆጣ።

«ሽማግሌ የፈረደውን አንተ ልታፈርሰው ነው? ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ሰው አትመስለኝም ነበር!»

ከኔ አፍ እንደማያምን ሳውቅ ወደ ሬጅስትራሩ ወሰድኩት። ሰውየው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዳመጡት፤ አልሰደቡትም፣ በአባት ወግ ነው የመለሱለት።

«ልጄ፣ እዚህ የሚገባው በችሎታ ነው። ችሎታህ ቢበቃ ኖሮ ያኔውኑ ትመረጥ ነበር።»

«ጌታዬ፣ ውጤታችን እኩል ነው» አልኩ። «የለየን ዕጣ ነው።»

«አትቀልድ። ሂድ፣ ክፍልህ ግባ።»

ደጋግሜ ተናገርኩ፤ ድምፄም ሳይታወቀኝ ከፍ አለ። ለጓደኛው አዝኖ የሚዋሽ ደግ ልጅ አድርገው አዩኝ። አንድ ኮሌጅ ሙሉ ሰው በችሎታው እንደገባ አምኖ እየበላ እየጠጣ ነው፤ ያንን እምነት የሚነካበትን ሰው መስማት የሚፈልግ የለም።

ወደ አውቶቡስ ተራ ስንሄድ ፍራሹን በሁለት ጫፍ ይዘነው ነበር። መንገዱ አጋማሽ ላይ ድንገት ቆመ።

«እውነቱን ንገረኝ። ትበልጠኝ ነበር እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ! አብረን አይደል የተማርነው? ሒሳብ ማን ነበር የሚያስረዳኝ?»

«ታዲያ ሰውዬው ለምን እንደዚያ አሉ? የተማሩ ሰው ናቸው እኮ።»

እኩል እንደነበርን ማልኩለት። እሱ ግን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ለማጽናናት። ከዚያ ፍራሹን ከእጄ ተቀብሎ ለብቻው ተሸከመው።