በፍልሰታ የበላሁት ቅቤ

የያዙኝ ሱቄ ውስጥ አቡጀዲ እየለካሁ ነው። ጊዜው የጃንሆይ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ፣ ወሩ ሐምሌ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ገብተው ደንበኛዬን «ውጪ» አሏትና፣ ከመደርደሪያው አንዱን ጣቃ ጎትተው ወለሉ ላይ ተረተሩት። ውስጡ የተደበቁት፣ መንግሥትን የሚቃወሙ ወረቀቶች ተበተኑ። የትኛውን ጣቃ መጎተት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር።

«ያንቺ ናቸው?» አለኝ ባለ ኮፍያው።

«ሱቁ የኔ ነው» አልኩት።

ሌላ አልጨመርኩም። ወረቀቱን አምጥቶ የሚያስቀምጠው ማን እንደነበር ያኔም አልተናገርኩም፣ ዛሬም አልናገርም። በዚያ በኩል ምንም አይቆጨኝም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያብሰለስለኝ ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ ስለ ሆዴ ልንገራችሁ። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ማህፀኔ ወጥቷል። ዕጢ አብቅሎ ኖሮ ደሙ አልቆም አለኝ፤ ጨርቅ እየቆረጥኩ ዓይኔ እየጨለመ የምወድቅበት ቀን በዛ። ፈረንጁ ሐኪም ተናገረ፣ ድሬሰሩ አስተረጎመ፦ «ካልወጣ ትሞቻለሽ። ከወጣ አትወልጂም።» ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ስለበዛበት ቶሎ ቶሎ ነው የተናገረው። ባለቤቴ «አንቺ ብቻ ዳኚልኝ» አለና ፈረመ። ስነቃ ከእምብርቴ በታች ተሰፍቻለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝና ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ምን ዓይነት ዝርክርክ ስፌት ነው!» የሚል ነበር። ማልቀስ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ማልቀሱንም በወጉ አልጨረስኩትም። ባለቤቴ ለእናቱ አንድ ነው፤ አማቴ ደግሞ የልጅ ልጅ ሳያዩ ላለመሞት የተሳሉ ሴት ናቸው። እውነቱን ለመንገር ሁለታችንም ወኔ አጣን። «ትርፍ አንጀት ነው» አልናቸው። እሳቸውም አጥሚት ይዘው መጥተው ጠየቁኝ፣ «እንኳን እሱ ሆነ» ብለው ሄዱ። ለትርፍ አንጀት ማን ቁጭ ብሎ ያለቅሳል? ዋጥ አድርጌ ሱቄን ከፈትኩ።

የታሰርኩበት ክፍል እዚያው ሱቄ ባለበት አዲስ ከተማ፣ ከፖሊስ ጣቢያው ጀርባ ነበር። የእህል መጋዘን የነበረ ይመስለኛል፤ ግድግዳው ሲርስ የሻገተ ጤፍ ይሸታል። ጣሪያው ያፈሳል። መስኮቱ ከፍ ያለና ጠባብ በመሆኑ ሰማይ እንጂ ሰው አያሳይም፤ ድምፅ ግን ያስገባል። ቀኑን ሙሉ ከምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ እንሰማለን፣ በየመሐሉ ከአንዋር መስጊድ አዛን ይመጣል። ጥግ ላይ ለመጸዳጃ የምንጠቀምበት የዘይት ቆርቆሮ አለ። ገና በሩ እንደተከፈተልኝ ሽታው ሲመታኝ አስመለሰኝ።

ሴቶች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። የማይሄዱት ሁለት ነበሩ። አንዷ እማማ የምንላቸው አሮጊት፣ ያለ ፈቃድ ካቲካላ ሲያወጡ የተያዙ፣ ሳል ሲነሳባቸው ግድግዳ ይዘው የሚቆሙ። ሌላዋ የስልጤ አገር ሰው፣ ቅቤ ነጋዴ። ቅቤዋን ሊወርስ የመጣውን የማዘጋጃ ቤት ዘበኛ በሚዛን ድንጋይ ግንባሩን ብላዋለች። ይህን ስታወራ ደስታዋ ልክ የለውም። ያለ ልጅ የቆየች ሴት ናት፤ በዚያ ሰበብ ባሏ ሌላ አግብቶባታል። ይህን ደግሞ የምታወራው ሳትጠየቅ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው።

ክረምት ስለነበር የታጠበ ጨርቅ አይደርቅም። ስለዚህ የወር አበባ ጨርቅ የጋራ ነበር፦ አሮጌ ነጠላ ተቀዶ እማማ ዘንድ ይቀመጣል፣ የመጣባት ትጠይቃቸዋለች፣ የታጠበውን ደግሞ ያልመጣባት ከሥሯ አድርጋ ተኝታበት በገላዋ ሙቀት ታደርቀዋለች። እኔ አደርቃለሁ፣ አልጠይቅም። ሰው ያስተውላል ብዬ አላሰብኩም። ምን ነክቶኝ እንዳላሰብኩ እንጃ፤ በዚያች ክፍል የማይታወቅ ነገር አልነበረም።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ እማማ አንድ ቀን ጠዋት። «ከመጣሽ ጀምሮ ጨርቅ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ቆርቆሮው ሲሸትሽ ያስመልስሻል። ስትነሺም ሆድሽን ደግፈሽ ነው።»

ቅቤ ነጋዴዋ ከተጋደመችበት ብድግ አለች። «ማሻአላህ! ማሻአላህ በሉ እንጂ፣ ምን ትላላችሁ ዝም ብላችሁ!»

«አይደለም» አልኩ። «እርጉዝ አይደለሁም።»

«እሺ፣ አይደለሽም» አሉ እማማ ፈገግ ብለው። «ማን ነሽ አለሽ? እኛም አላየንም፣ አልሰማንም።»

መቼስ እርጉዝ ሴት አዎ አትልም። የሰው ዓይን ፈርታ ሆዷ እስኪገፋ ትክዳለች፤ የጠየቋትም መካዷን አይተው ያረጋግጣሉ። እኔም ባስተባበልኩ ቁጥር ነገሩን አጸናሁት። ሁለተኛ ጊዜ ሳስተባብል ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ከዚያ ተውኩት። ደክሞኝ ነው እንዳልል ደክሞኝ አልነበረም፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ከጣሪያው ፍሳሽ ርቆ ያለው ደረቅ ቦታ የእማማ ነበር፤ ለኔ ተለቀቀ። ቅቤ ነጋዴዋ እህቷ ቆጮና ቅቤ ስታመጣላት ከሁሉ በፊት ለኔ ታጎርሰኛለች። ወሩ ነሐሴ ሆኖ ፍልሰታ ገብቶ ነበር። እንኳን እኔ ሕፃናት የሚጾሙት ጾም ነው።

«ጾም ነው» አልኳት።

«ነፍሰ ጡር አይፈረድባትም፣ ብዪ» አሉ እማማ። «እመቤታችን ታውቅልሻለች።» እሳቸው የደረቀ ዳቦ በውኃ እያራሱ፣ ያንንም ከቀትር በኋላ ነው የሚቀምሱት።

በላሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በእመቤታችን ጾም፣ ቅቤ በላሁ። ጣፈጠኝም።

መርማሪው ቤትም መጥራታቸውን አቆሙ። በፊት ተጠርቼ ውስጥ እግሬን ተገርፌ ነበር። ጠባቂያችን ሃምሳ አለቃ ወሬውን ከሴቶቹ ሲሰማ «እርጉዝ አስገርፌ በልጆቼ ላይ ግፍ አላመጣም» ብሎ ለመርማሪው ነገረው። እግሬ እየዳነ ሄደ፣ ፊቴ ተመለሰ። እማማም ፊቴን እያዩ «ወዙ መጣ፣ ወንድ ነው» ይላሉ።

ይሄ ሁሉ በሌሎች ስህተት የመጣ ነው ብዬ ራሴን ማጽናናት እችል ነበር፣ አንድ ነገር ባይኖር። ቅቤ ነጋዴዋ አንድ ከሰዓት አጠገቤ ቁጭ ብላ መዳፏን ሆዴ ላይ አሳረፈች። ቀስ ብላ ነው፣ በቀሚሴ ላይ፣ ከስፌቱ በላይ።

«ይንቀሳቀሳል?» አለችኝ።

«ገና ነው» አልኩ።

ያቺን ቃል ማንም አስገድዶ አላናገረኝም። ስናገራትም ለሷ ብዬ አልነበረም። ሰው ሳያየኝ የራሴን እጅ ሆዴ ላይ ማሳረፍ ጀምሬ ነበር። ስተኛ በጎኔ መተኛት ጀምሬ ነበር። የምን እብደት እንደሆነ አላውቅም። ባዶ እንደሆነ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ግን ደግሞ ገና ነው ስል ልቤ ተቀበለው።

ሻለቃው፣ የጣቢያው አዛዥ፣ ፍልሰታ በሚፈታበት ቀን አንዲት ሴት በዋስ የመልቀቅ ልማድ ነበረው። ስለት ነው ይባላል። በዚያ ዓመት ተራው የእማማ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሳላቸው ብሶ ደም እያስተፋቸው ነበር፣ ልጃቸውም ዋስ ልትሆን ከደጅ አትጠፋም። ጾሙ ሊፈታ ሲል እማማ በሩ ላይ ለሃምሳ አለቃው ሲያንሾካሹኩ አየሁ። መድኃኒት እየጠየቁ መስሎኝ ነበር።

በበዓሉ ጠዋት በሩ ተከፈተ። እማማ አልተነሱም። ሃምሳ አለቃው ወደኔ ነው የተመለከተው።

«ተነሽ። ያንቺ ጉዳይ ከበድ ያለ ነው፤ ግን ነፍሰ ጡር መሆንሽን ነግሬው ሻለቃው ፈቅዷል። ባልሽ ለዋስትና መጥቷል።»

«የእማማ ተራ ነው» አልኩ።

«ለልጁ ለቅቄለታለሁ» አሉ እማማ። «እኔ ምን ቀረኝ? እሱ እዚህ አይወለድ።»

ቅቤ ነጋዴዋ ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ እያስተካከለች ጆሮዬ ሥር ጠጋ አለች። «ስትወልጂ ላኪብኝ፣ እህቴ። ከዚህ ወጥቼ ከሆነ ቅቤ ይዤ እመጣለሁ። ምንም አልልሽም፤ አንድ ቀን ብቻ አቅፌው ልዋል።»

በሩ ተከፍቷል። ከግቢው የእርጥብ መሬት ሽታ ይመጣል። ባለቤቴ እዚያ ቆሟል። እውነቱን ላውራ፤ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ተራምጃለሁ። ከኋላዬ እማማ ሳሉ፤ ያ ሳል አቆመኝ።

«እርጉዝ አይደለሁም» አልኩ።

«ተዋት፣ አትስማት፣ የሰው ዓይን ፈርታ ነው» አለች ቅቤ ነጋዴዋ ለሃምሳ አለቃው።

«እርጉዝ አይደለሁም። ማህፀን የለኝም። አውጥተውታል።»

«ኧረ በስመ አብ! ልጅቱን ምን ነካት?» አሉ እማማ።

ማንም እንደማያምነኝ ገባኝ። ቀሚሴን ገለብኩት። ሃምሳ አለቃው ደንግጦ ፊቱን አዞረ። ጠባሳው ያኔ ቀይ ነበር፣ ገና አልደበዘዘም። ቅቤ ነጋዴዋ ጎንበስ ብላ አየችው፣ በጣቷ ጫፍ ከላይ እስከ ታች ነካችው፣ ከዚያ እጇን ሰብስባ ወደ ቦታዋ ሄደች።

«ተራው የእማማ ነው» አልኩ እንደገና። «እሳቸው ይውጡ።»

«አሁን?» አለ ሃምሳ አለቃው ጀርባውን እንደሰጠን። «እኔ በሻለቃው ፊት ምዬ ነፍሰ ጡር ናት ብያለሁ። አሁን ገብቼ ተሳስቼ ነው ልበለው? እንጀራዬን ልትነሺኝ ነው? ቀልደኛ ሁሉ!»

በሩን ዘጋው። እኔም አልወጣሁ፣ እማማም አልወጡ። ጥቂት ቀደም ብዬ ብናገር ኖሮ ያን ቀን ልጃቸው ቤት ይፈስኩ ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ፀጉሬን በመዳፋቸው እየደባበሱ ቆዩና «ሞኝ» አሉኝ። «ሆድሽን ቀደውሽ መምጣትሽን ብትነግሪን ደረቁን ቦታ እንከለክልሽ ነበር?» ይህንን ከመስማት ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ቦታቸውን መለስኩላቸውና ከፍሳሹ ሥር ነጠላዬን አነጠፍኩ።

በማግስቱ መርማሪው ጠራኝ። እዚያ ስለሆነው አላወራም። ሲመልሱኝ በእግሬ መቆም አልቻልኩም ነበር።

ቅቤ ነጋዴዋ ከበዓሉ ጀምሮ አላናገረችኝም። ያን ቀን ተነስታ መጣች፣ እግሬን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ያላትን ቅቤ በመዳፏ አቅልጣ ውስጥ እግሬን ማሸት ጀመረች። ሳታየኝ ነው የምታሸው። አልቅሼ ይቅርታ ልጠይቃት ስል «ዝም በይ» አለችኝ። ከምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል።

ሁለተኛውን እግሬን እያሸች «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች።

«ጠይቂኝ።»

«በልብሽ ስም አውጥተሽለት ነበር?»

መዋሸት አልቻልኩም። «አዎ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። እጇ አላቆመም።

«እኔም አውጥቼለት ነበር» አለችኝ።

የሷን አልጠየቅኋትም፣ የኔንም አልነገርኳትም። ባለቤቴ ሰው ለምኖ፣ አማላጅ ልኮ፣ በመስከረም እኔ ስወጣ ሁለቱም ሴቶች እዚያው ነበሩ። እማማ ለመስቀል መለቀቃቸውን ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ለአማቴ እውነቱን የነገርኳቸው በወጣሁ ማግስት ነው። አለቀሱ። ልጃቸውን ሌላ አግባ ብለው አልጨቀጨቁትም ብል ውሸት ይሆንብኛል። እሱ ግን እስኪሞት ከኔ ጋር ኖረ። ቅቤ ነጋዴዋ መፈታቷንም ሰምቻለሁ፤ ቅቤ ተራ ከሱቄ የእግር መንገድ ነው፤ አንድም ቀን ሄጄ አልጠየቅኋት። ምን ይዤ ልሂድ?

አሁን አሮጊት ነኝ። ሰዎች ስለዚያ ዘመን ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ወረቀቱን፣ ግርፋቱን፣ መርማሪውን ይጠይቁኛል፣ እኔም ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ። ሲሰናበቱኝ አንዱ ለወጉ ያህል «ልጆች አሉዎት?» ይለኛል።

«የለኝም» እላለሁ። እንዲህ ባልኩ ቁጥር የዋሸሁ ይመስለኛል።